ጉዳዩ፦ ውሻዬ መከታ የተቀበረበት ጉድጓድ እንዲነገረኝ ስለ መጠየቅ

መስከረም 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለግራር ገበያ ከተማ ማዘጋጃ ቤት
የሚሌኒየም ጽዳትና ውበት ኮሚቴ
ባሉበት

ክቡራን የኮሚቴው አባላት ሆይ፤

እንደምን ከርማችኋል? አዲሱ ዓመት፣ ያውም ሺህ ዓመት ተጠብቆ የመጣው፣ እናንተን በሙሉ ጤና፣ ወንበራችሁን እንደ ተመቻቸ፣ ማኅተማችሁንም ቀለም እንደ ጠገበ እንዳገኛችሁ ተስፋዬ ጽኑ ነው። የእኔን የጠየቃችሁ እንደሆነ፣ ከጉልበቴና ከጥርሴ በስተቀር ደኅና ነኝ። እነሱም ቢሆኑ እናንተ ከመሾማችሁ በፊት የጀመሩ ችግሮች ስለሆኑ በእናንተ አላመካኝም።

ስሜ ላቀው ዘሩ ይባላል። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ስለ ኖርኩ፣ ከመዝገብ ቤታችሁ መደርደሪያ ግማሹ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ስለ ድንበር፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ጠፋ በሬ ለሌላው ስጽፍ ኖሬ፣ ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንዳንዱ ፊደል ቢንቀጠቀጥባችሁ በዕድሜዬ አሳብቡልኝ።

ደብዳቤውን ግልጽ አድርጌ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የለጠፍኩት ልደፍራችሁ ብዬ አይደለም። ስለዚሁ ጉዳይ አስቀድሜ የጻፍኳቸውን ሁለት ደብዳቤዎች በአስተያየት መስጫ ሣጥናችሁ ውስጥ ብከታቸው፣ የሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ጸሐፊያችሁ በትሕትና ነገረችኝ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በጋሪ አስጭናችሁ የወሰዳችሁትን ውሻዬን መከታን የት እንደ ቀበራችሁት ንገሩኝ። ካሣ አልጠይቅም፤ ይቅርታ በሉኝም አልልም። ጉድጓዱን ብቻ።

እናንተ መከታን የምታውቁት በጋሪ ላይ ስለሆነ ላስተዋውቃችሁ። ደረቱ ነጭ የሆነ ዳልቻ ውሻ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ጅብ ከበጎቼ በረት ገብቶ አንገቱን ቢዘነጥለው፣ ድረስ የሚባለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ሰባት ቦታ ሰፍቶ አዳነው። ሲሰፋ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። በእኔ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አላጉረመረመም፤ በድረስ ላይ ግን ቂም ይዞ፣ ልጁ በደጄ ባለፈ ቁጥር እየተነሣ ጀርባውን ሰጥቶት ይቀመጥ ነበር። የሆድ ትል መድኃኒቱን በቅቤ ጠቅልዬ ስሰጠው ቅቤውን አጣጥሞ ይበላና ክኒኑን ሳያደቅ ደጃፌ ላይ አስቀምጦልኝ ይሄዳል። መዥገሩን በየቅዳሜው የምለቅመው እኔ ነኝ። ባለቤቴ እናኑ የሷን ራስ አንድ ቀን እንዲህ አይቼላት እንደማላውቅ ስትናገር ትውላለች፤ እውነቷን ነው።

ቅሬታዎቼን ደግሞ እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ክትባቱ አመሰግናለሁ። በሰኔ ወር ውሻ ያለው ሁሉ ውሻውን ያስከትብ ብላችሁ በድምፅ ማጉያ ስታስነግሩ ከሰልፉ ፊት የቆምነው መከታና እኔ ነን። ሰማያዊ ካፖርት የለበሱት ሠራተኞቻችሁ፣ ውሾቹ መርፌውን ፈርተው እንዳይናከሱ፣ ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ሥጋ በእጃቸው ያጎርሱ ነበር። መከታ ከማያውቀው ሰው እጅ የማይበላ ውሻ ስለሆነ አፉን ገጥሞ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ጆሮውን አሻሽቼ፣ «ብላ ልጄ፣ ወዳጆች ናቸው» አልኩት። በላ። ክቡራን ሆይ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ቅሬታዬ በእናንተ አይደለም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መከታን የዋሸሁት ይህን አንድ ቀን ነው፤ እሱም መዋሸቴን ሳላውቅ።

የተከተበ ውሻ እንዲለይ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰራችሁለት። ቀይ ጨርቅ ያለውን ማንም አይነካውም አላችሁ። አመንኩ። እኔ ማኅተም ያለበትን ነገር ሁሉ ሳምን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬም ይኸው ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሻ ትርኢቱ አመሰግናለሁ። በከተማችን ውስጥ ውሻ የምንወድ አራት ሽማግሌዎች እንዳለን ታውቃላችሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከከብት ተራው ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ውሾቻችንን ይዘን እንገናኛለን። ደረት እናያለን፤ የኋላ እግር እንዘረጋለን፤ ጥርስ ገልጠን እንከራከራለን። የድምፁን ነገር ለመፈተን አንዳችን እንደ ባዕድ ተከናንቦ በአጠገባቸው ያልፋል። የቆጡን የባጡን ሁሉ እየጮኸ የሚከተል ውሻ በእኛ ዘንድ አያልፍም፤ ሁለት ጊዜ ጮኾ፣ ቆሞ፣ ባለቤቱን ዞር ብሎ የሚያይ ነው ውሻ። ወዳጄ ገብረሰንበት፣ ማር ነጋዴው፣ ውሻውን ከግሽ ዓባይ ስላመጣው ጠበል ጠጥቶ ያደገ ነው እያለ ይመጻደቅብናል። እኔም ጠበል የጠጣ ከሆነ ፍየል ባየ ቁጥር ስለምን እንዲህ ይለፈልፋል፣ ገና አልለቀቀውም ማለት ነው እለዋለሁ። እንዲህ ስንባባል እንውላለን፤ ማንንም አናስቸግርም።

እናንተም ይህን ሰምታችሁ፣ የተከተቡት ውሾች ጳጉሜን 4 ቀን በኳስ ሜዳው ለሕዝብና ለእንግዶች ይታያሉ፣ ተዘጋጁ ብላችሁ በሰብሳቢያችሁ በአቶ ያለው ፊርማ ለአራታችንም ደብዳቤ ላካችሁልን። በዕድሜዬ ከመንግሥት የተጻፈልኝ የጥሪ ደብዳቤ ይህ ብቻ ነበር። ሌሎቹ መጥሪያዎች ናቸው።

ሦስተኛ፤ እነሆ ወደ በደሌ ደረስኩ።

ጳጉሜን 2 ቀን ከሰዓት በኋላ መከታን ወንዝ ወስጄ አጠብኩት። ቀይ ጨርቁም ከሰኔ ጀምሮ ጭቃና አመድ ስለ ጠጣ ቀይነቱን ረስቶ ነበርና ፈትቼ በሳሙና አጠብኩት። በእንግዶቻችሁ ፊት በቆሸሸ ጨርቅ አቁሜው ገብረሰንበት እንዲስቅብኝ አልፈለግሁም። ጨርቁን ከምድጃው አጠገብ አሰጣሁት። የጳጉሜን ነገር፣ ዝናቡ አላባራ አለና ሲነጋ ብዳስሰው እርጥብ ነው። ብርድ በመጣ ቁጥር ያ የተሰፋው አንገቱ እየጠዘጠዘው ወደ አንድ ወገን ያዘም ነበር። እርጥብ ጨርቅ እዚያ ላይ ማሰሩን አንጀቴ እምቢ አለኝ። ከቅዳሴ ስመለስ ይደርቃል፣ ያን ጊዜ አስርለታለሁ ብዬ ተውኩት።

ዕለቱ ሩፋኤል ነበር። መከታ እንደ ልማዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተከተለኝ። ውሻ ቅጥር እንደማይገባ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ከወይራው ሥር ቁጭ አለ። እኔ ቅዳሴ ያስታጎልኩባቸው እሑዶች አሉ፤ እሱ ግን ከወይራው ሥር የቀረበት ቀን የለም።

ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ የሚወገዱት ጳጉሜን 5 ቀን ነው ብላችሁ አስነግራችሁ ነበር። እንግዶቹ ለትርኢቱ ከመምጣታቸው በፊት መንገዱ ይጽዳ ብላችሁ ግን ቀኑን ወደ ሦስት ሳባችሁት። ይህንንም ለሕዝብ ለማስነገር አስባችሁ የድምፅ ማጉያው ባትሪ አልቆ ነበር አሉ። ባትሪም እንደ ሰው ያልቃል፤ አልፈርድበትም።

ቅዳሴ ወጥቼ ወይራውን ባይ ሣሩ ተደፍጥጧል፤ እሱ የለም። ከበሩ አጠገብ ጧፍ የምትሸጠው ንግሥቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ነበር። እንደ ነገረችኝ፣ ሰማያዊ ካፖርት የለበሱት ሁለት ሰዎች መጥተው አንገቱን አዩ። እሷ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ቅዳሴ ላይ ነው አለቻቸው። እነሱም ጨርቁ የታለ አሏት። ሥጋውን ሲጥሉለት መከታ ወዲያው አልበላም። ካፖርቱን አየ፤ አሸተተ፤ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጅራቱን ቆላላቸውና በላ። ከዚህ በኋላ ያለውን ንግሥቴ ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እንደምንም እየተንፏቀቀ ወደ ቅጥሩ በር ለመምጣት መሞከሩን ግን ከጭቃው ላይ ራሴ አንብቤዋለሁ። ማንበብ ሙያዬ ነው።

ጋሪው ከሄደ ቆይቷል።

አራተኛ፤ ስለ መስተንግዷችሁ አመሰግናለሁ። ጳጉሜን 4 ቀን ትርኢቱን ትቼ ቢሯችሁ ስመጣ የተላክሁት ወደ ጽዳት ክፍል ነው፤ ጽዳት ክፍል ወደ ጤና፣ ጤና ወደ ግብርና፣ ግብርና ደግሞ ለሻይ ወደ ወጡ ሰዎች ላከኝ። ድረስን አግኝቼው ነበር። ልጁ መርዙ እንደ ተበተነ የሰማው እንደኔ ከረፈደ በኋላ ነው። ያን አንገት በእጁ የሰፋ ሰው ነውና ራሱን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ እኔው ላጽናናው ሆነ።

በመጨረሻ አቶ ያለው ራሳቸው አስገቡኝ። ወንበር ሰጡኝ። የጠፋው ውሻ የእኔ መሆኑን፣ መከተቡንና በመዝገባቸው ላይ ቁጥሩ አሥራ ሰባት መሆኑን ነገርኳቸው። መዝገቡን ሳይገልጡ ወደ ዞን የላኩትን ሪፖርት ገለጡ።

«አባባ፣ የተወገዱት አርባ ሦስቱም ባለቤት የሌላቸው ናቸው። በሪፖርቱ ላይ ባለቤት ያለው ውሻ የለም።»

«ባለቤቱ ይኸው ፊትዎ ቁጭ ብያለሁ» አልኳቸው።

«ሪፖርቱ ሄዷል» አሉኝ።

ጉድጓዱን ለእርስዎ ካሳየሁ ባለቤት ያለው ውሻ መግደላችንን አመንኩ ማለት ነው ብለውም አስረዱኝ፤ ሪፖርቱም ይበላሻል። ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም። ውኃ ላምጣልዎ ብለውኛል። ሪፖርቱን ግን ከእኔ አብልጠው ያዝኑለታል።

አምስተኛ የሚለውን ቁጥር ከጻፍኩ በኋላ ምን ልጽፍ እንደ ነበር ጠፋኝ፤ እንዲሁ ላውራችሁ። ከተማችን ጸጥ ብላለች። ለዚህም ምስጋና ይገባችኋል። ጅቦቹ ለእንግዶች ያሠራችሁትን የቀርከሃ ቅስት በሥርዓት እያለፉ እስከ ከብት ተራው ይመጣሉ፤ በክብር የተጠሩ ነው የሚመስሉት። ለውሻ ለቅሶ አይደረስም፤ ዕድሩም ድንኳን አይተክልም፤ ይህም ትክክል ነው፣ እኔም የዕድሩ ጸሐፊ ሆኜ ደንቡን ያረቀቅሁት ራሴ ነኝ። ሰው አግኝቶኝ «እግዜር ያጥናህ» ሊለኝ ይልና ያፍራል። እኔም አፍራለሁ፤ በሰባ አራት ዓመቴ ሁለት ወንድሞቼን ቀብሬ እንዲህ አልሆንኩም።

ገብረሰንበት ግን መጣ። ውሻውን እቤት አስሮት ነው የመጣ፤ ያን ከአጠገቡ የማይለየውን ጠበልተኛ። እንዳላየው ብሎ ነው። ከደጄ ተቀምጦ በዱላው መሬት ሲጭር አረፈደ። ሲነሣ፣ «አያ ላቀው፣ ደረቱ እኮ ወደር አልነበረውም» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከአፉ ላወጣ ስታገል ኖሬያለሁ። አሁን ምን ላደርገው ነው?

እናኑ ደግሞ ውሻ አልወድም ስትል የኖረች ሴት ናት። መከታ ደፉ ላይ ተጋድሞ ስለሚያድር ጠዋት ስትወጣ ተነሣ ከመንገዴ ትለዋለች፤ እሱ አይነሣም፤ እሷም እግሯን አንሥታ ትሻገረዋለች። ይኸው ዛሬም በሩ ላይ ስትደርስ እግሯን ከፍ አድርጋ ነው የምትወጣው። እኔ አላየሁም እላለሁ። አንድ ቀን ረስታ ደፉን ብትረግጠው ግን ሁለታችንም የምንችለው አይመስለኝም።

የቀብሩን ነገር የምጠይቀው ለዚህ ነው። ከአርባ ሁለቱ ለይቼ አወጣዋለሁ አልልም። ቦታውን አይቼ እንድመለስ ነው። እቤት ስገባ «አየሁት» እንድላት።

ስላነበባችሁልኝ፣ ያላነበባችሁም ስላልቀደዳችሁት፣ ወገቤ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። አዲሱ ሺህ ዓመት ሪፖርታችሁን ሁሉ ያማረ፣ ባትሪያችሁን ሁሉ የሞላ ያድርግላችሁ።

ጉድጓዱ እስኪነገረው ድረስ በየማለዳው ደጃችሁን በመጥናት የሚያከብራችሁ፣
ላቀው ዘሩ
የሰው ማመልከቻ ጸሐፊ የነበረ

ግልባጭ፦
ለሪፖርቱ፤ ባለበት

ከፈረምኩ በኋላ የመጣ ጉዳይ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስል መልእክተኛችሁ አንድ ፖስታ አደረሰኝ። በመዝገብ ቁጥር አሥራ ሰባት የተመዘገበው «መከታ» የተባለው ውሻ በአርአያነት ስለ ተመረጠ፣ ባለቤቱ ውሻውን ይዞ በአሥር ቀን ውስጥ ቀርቦ የምስክር ወረቀቱን እንዲወስድ ይላል፤ ማኅተሙም ደምቋል። በመጀመሪያ፣ ባለቤት ያለው መሆኑን በጽሑፍ ስላመናችሁልኝ አመሰግናለሁ። ውሻውን ይዤ መቅረቡ ግን ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ያለበትን የምታውቁት እናንተ ናችሁና፣ እባካችሁ ወረቀቱን በሠራተኛችሁ እጅ እዚያው ላኩለት። የምትልኩበትን ቀን ለእኔ መንገር አያስፈልግም፤ ከበራችሁ ስለማልጠፋ፣ ወረቀቱን የያዘውን ሰው ከኋላው ቀስ እያልኩ እከተለዋለሁ።