ዝናብ ሲጥል ወደ ሳጥኑ ስለሚመለሰው መነጽር

ለክቡር የሐይቅ ጥበቃና ነፍስ አድን ጽሕፈት ቤት የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የዝናቡ ወቅት እየቀረበ ነውና ብርዱ እንዳይነካዎ፣ የቢሮዎም ጣሪያ እንዳያፈስብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከልጄ ሞት በቀር ደህና ነኝ።

መርዶው የደረሰኝ ከቀትር በኋላ ነው። ዝናቡ ድንገት ወርዶብኝ ልብስ ከገመድ ላይ ስሰበስብ የመሥሪያ ቤትዎ ንብረት ክፍል ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ጃንጥላውን በእጁ እንደያዘ፣ ሳይዘረጋው በስብሷል። «እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ» አለኝ። የልጄን እርጥብ ሸሚዝ እንደታቀፍኩ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተነሳሁም፤ ይህን ደብዳቤ መጻፍ እንኳ አራት ቀን ስለፈጀብኝ ለመዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ልጄ ከሐይቁ ዳር ባለው ማማ ላይ ሆኖ የተቸገረ ጀልባ እንዳለ እየቃኘ የሚጠብቅ ሠራተኛዎ ነበር። መነጽር እንዲገዛለት ሦስት ጊዜ ጽፎልዎታልና ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ። ማመልከቻውን ያረቀቀው እኔው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ቃሉን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ/ ልጄ የጠየቀው ውሃ የማያስገባ፣ ውስጡ ጉም እንዳይዝ ናይትሮጂን በሚባል ደረቅ ጋዝ የተሞላ፣ ሰባት ጊዜ የሚያቀርብ የሩቅ ማያ መነጽር ነበር። ከዚያ በላይ ካቀረበ እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሚታየውም ነገር አብሮ እንደሚንቀጠቀጥ አስረድቷል። እናንተ ግን ቸርነታችሁ በዝቶ አሥራ ስድስት ጊዜ የሚያቀርብ ገዛችሁለት። ጋዙን ብትተዉትም ዘጠኝ ጨምራችሁለታልና እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ/ ሳይሞከርም አልተገዛም። ኮሚቴው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሆኖ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፀጉር አስተካካይ ቤት ማስታወቂያ እስከ ስልክ ቁጥሩ ድረስ አንብቦ እንዳጸደቀው በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። ልጄ ግልባጩን ሲያሳየኝ፣ «እማዬ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሐይቅ ውስጥ ከገባ አያመልጠኝም» ብሎ ስቆ ነበር።

፫ኛ/ መነጽሩ እርጥበት እንደማይችል በታወቀ ጊዜም ዝም አላላችሁም፤ «ዝናብ ሲጥል መነጽሩ ወደ ሳጥኑ ይመለስ» የሚል መመሪያ አትማችሁ ማማው ግድግዳ ላይ ለጠፋችሁ። ጀልባ የሚገለበጠው በዚያው በዝናብ ቀን መሆኑን ልጄ ሊያስረዳ ቢሞክርም፣ የንብረት አያያዝን እርስዎ ከእሱ ይበልጥ ያውቃሉ።

ያን ቀን ልጄ መመሪያውን ጥሶ መነጽሩን ከሳጥኑ አወጣ። ከሐይቁ መሃል አንድ ጥቁር ነገር ብቅ ጥልቅ ሲል አይቶ ነበር። ባልደረባው እንደነገረኝ፣ መስታወቱን በሸሚዙ ደጋግሞ ቢጠርገውም ጉሙ ከውስጥ ስለነበር አልጠራለትም። «ጀልባ ይሁን ግንድ አልለይ አለኝ፤ ሰው ከሆነስ?» ብሎ ቀርቦ ሊያይ በትንሿ ጀልባ ወጣ። ግንድ ነበር። ማዕበሉ ግንዱን በዚያው ዕለት ወደ ዳር ገፋው፤ ልጄን በማግስቱ።

፬ኛ/ ከቀብሩ በኋላ ስለላኩልኝ ደብዳቤም አመሰግናለሁ። ሟች በዝናብ እንዳይሠራበት የተከለከለውን ንብረት ተጠቅሞ ስላበላሸ መነጽሩን እንድመልስ ያዝዛል። አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ስለተገኘ ከልብሱ ጋር ለእኔ ተሰጥቷል።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። በልጄ ቦታ የተተካው ጠባቂ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ የያዘውም ያንኑ ዓይነት መነጽር ነው። ዝናቡ ሳይገባ ልጄ የጠየቀውን ይግዙለት። ስትመርጡም ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ አቆይታችሁ፣ አውጥታችሁ እዩበት። ባልዲ ከጠፋ እኔ አመጣለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ንብረት ደህንነት ዘወትር የምታስብ፣
ልጇ መመሪያ ጥሶ የሞተባት እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መነጽሩን እመልሳለሁ። ውሃው ዛሬም ከውስጡ አልወጣም፤ ሲያዘነብሉት ወዲያና ወዲህ ይላል። የማመጣው ግን ዝናብ በሚጥልበት ቀን ነው፤ በዚያው መስኮት ቆመው የፀጉር አስተካካዩን ስልክ ቁጥር ያነቡልኛል። ይህን የምታነቡ ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ልጄን ነፍሱን ይማር በሉልኝ። ሰው መስሎት ነው የወጣው።