የአጥር ሥሩ ቢጫ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለልጄ፣ ለቀለም አባካኟ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቱ የእኔ እንዳልሆነ መቼም አይተሻል። እጄ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ እየነገርኳት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ትጽፋለች። መስመሯ እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው ይላሉ።

ሥዕል ለምትስዪለት መጽሐፍ ያንን ከጓሯችን አጥር ሥር የሚበቅለውን አበባ በደንብ ንገረኝ ብለሻል። ዛሬ ጠዋት አጠገቡ በርጩማ ስቤ ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። ግንዱ ጠጉራም ሆኖ በቁመቱ መስመር መስመር አለው። ቅጠሉ በተራ እንጂ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አይወጣም። የታችኞቹ አንገት አላቸው፤ የላይኞቹ ግን ግንዱን እቅፍ ነው የሚያደርጉት። ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው፣ ሲታሽ መራራ ይሸታል።

አበባው ደግሞ አንድ ይምሰልሽ እንጂ ብዙ ነው። መሐሉ ላይ ጥቃቅን ቱቦዎች እንደ ብሩሽ ጠጉር ታጭቀዋል። ዙሪያውን ያሉት ምላስ ምላስ የሚመስሉት ጫፋቸው ላይ ሦስት ጥርስ አላቸው፤ በጥፍር ካልሆነ አይገኝም። በበጋ ግንዱ ደርቆ ይሰበራል። ሥሩ ግን አይሞትም፣ ዝናብ ሲመጣ እዚያው ያቆጠቁጣል።

ዐይን ሐኪም ጋ ሄድክ ወይ ላልሽው፣ ሄጃለሁ። ወንበራቸው ይመቻል። ልብስ ሰፊዋ የቀረውንም ልጻፍ እያለች ትነዘንዘኛለች። አምና ጉንፋን ያዘኝ ብልሽ ሥራሽን ጥለሽ መጣሽ፣ ቦታሽንም ለሌላ ሰጡት። ይሄ መጽሐፍ ሳያልቅ ከዚያ እንዳትነቃነቂ።

የቀረው ቀለሙ ነው። የእንቁላል አስኳል ነው ወይስ የሎሚ ልጣጭ ብለሽ ጠይቀሻል። ልብስ ሰፊዋ የክር ሳጥኗን አምጥታ ከአበባው ጋር እያስተያየች አንዱን መረጠች፤ ፖስታው ውስጥ ነው። ልክ ነው ብላ ምላልኛለች። ዕድሜ ልኬን ቀለም ስበጠብጥ የሰው ምርጫ ተቀብዬ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ይሄን ተቀብያለሁ።

ናፍቀሽኛል። ሥዕሉ ሲያልቅ በፖስታ አትላኪልኝ። ይዘሽው ነይና አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ።

እጅሽን ይባርክልሽ፣ ዐይንሽን ይጠብቅልሽ።

አባትሽ፣ ቀለም ቀቢው