እስከ መንገዱ ድረስ

ሟች ታላቅ እኅት የታናሽ እኅታቸውን ብርድ ልብስ ከላውንደሪያቸው ባንኮኒ ላይ አንስተው በሰው ፊት መልሰው ያስታቀፏት ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። «ቤትሽ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ አልቀበልም» አሏት። ታናሽየዋ ይህን ቂም ይዛ ኖራለች። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውም እሷው ስለሆነች ሳይነገር አያልፍም።

እሳቸው ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከሆስፒታል አንሶላ አጣቢ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሱ እናታቸው ታመሙና በእናታቸው ቦታ ሥራ ገቡ። ታናሻቸውን ፊደል ያስቆጠሯትም እሳቸው ናቸው። በሃያ አራት ዓመታቸው ከአውቶቡስ ሹፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በአርባ ዓመታቸው በአንድ ትልቅ ኩባንያ ስም ለመሥራት ተዋውለው ላውንደሪ ከፈቱ። ውሉ የሥራ ክልላቸው «እስከ መንገዱ ድረስ» ነው ይላል። ማዶው ለሌላ ባለውል የተሰጠ ነው። ከዚያ አንድ ካልሲ ቢቀበሉ ኩባንያው ስሙንም ማሽኖቹንም ይነጥቃል። ደንበኛ መስሎ የሚመጣ ተቆጣጣሪም ይልካል፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ አዲስ ፊት ባዩ ቁጥር አድራሻ ያለበት መታወቂያ ይጠይቁ ነበር። ባለቤታቸው «አንቺ ሴትዮ፣ እኔንም መታወቂያ ጠይቂኝ እንጂ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አንድ ቀን ሟች የምራቸውን ባለቤታቸውን መታወቂያ ጠየቁ።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ውሉ ባለሱቋ በአካል ካልተገኘች ክልሉ ለጎረቤት ባለውል ይተላለፋል ስለሚል፣ ከአልጋ እየወረዱ ጫማቸውን ይፈልጉ ነበር። ሐኪሙን እንኳ ከኩባንያው የመጣ መስሏቸው «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» አሉት። ታናሻቸው ይህን ስታይ ጋዋናቸውን ለብሳ በእሳቸው ቦታ ከባንኮኒው ኋላ ቆመች።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ሰውዬ ኮት ይዞ መጣ። ኮቱ ንጹሕ ነበር። «ባለሱቋ እርስዎ ነዎት?» አላት። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። ወዲያው ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ጫማ ሰፊው ጎረቤቷ መጋረጃ ተሸክመው ገቡ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባለሱቅ የሆንሽው?»

«ጋሼ» ልትል አፏ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠችው። «አላውቅዎትም። ከማዶ ነዎት፣ አልቀበልም» ብላ መጋረጃውን አስታቀፈቻቸው። ሰውየው አንድ ነገር ጽፎ ወጣ።

ለታላቅ እኅቷ ስትነግራቸው አልሳቁም። እጇን ያዙና «አየሽው?» አሏት። የብርድ ልብሱን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሳችባቸውም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ሱቁ በስማቸው ክፍት እንደሆነ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታናሽ እኅታቸውን ትተዋል። ውሉ ከእሳቸው ጋር ስላበቃ አሁን የሚነጠቅ ነገር የለም፤ ቢሆንም እኅታቸው ይህን ስትጽፍ በሩን ሁለት ጊዜ ዞራ አይታለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ተቆጣጣሪ በማይደርስበት ያሳርፍልን።

ታናሽ እኅታቸው ትናንት ጫማ ሰፊው ቤት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፤ መጋረጃቸውንም ከመስኮቱ አውርዳ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ በእጇ አጠበችላቸው።