የአራተኛ ክፍሏ የጭብጥ አስተማሪ፣ ወይዘሮ ኦዜላ ፔቲስ ትሪግ

ወይዘሮ ኦዜላ ከአባታቸው ከአቶ አሞስ ፔቲስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉላ ግራንቤሪ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1941 በአርካንሶ፣ እዚሁ ዌልስ ቤንድ ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አራተኛዋ ነበሩ። አባታቸው ጥጥ መዳመጫው ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ እናታቸው የሰው ልብስ ያጥቡ ነበር። ጥጥ በደረሰ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ስለነበር አንደኛ ደረጃን በጊዜው አልጨረሱም፤ ግን ጨረሱ። በ1962 ከፓይን ብላፍ ኮሌጅ የመምህርነት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱና አራተኛ ክፍል ማስተማር ጀመሩ።

በ1964 አቶ ሩዶልፍ ትሪግን አግብተው ጄኒቫንና ክላይድን ወለዱ። እኔን የእህታቸውን ልጅም እናቴ ስትሞት ወስደው አሳደጉኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ሊገፉኝ አልቻሉም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሳቸው አይደለም።

ሁላችሁም የምታውቋቸው የታሪክን ጭብጥ በማስተማር ነው። መጀመሪያ ላይ ግን አያውቁበትም ነበር፤ ራሳቸው ይናገሩት ስለነበር አልደብቀውም። ታሪኩን ያነቡና ጭብጡን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። በ1969 ለፈተና ጎርፍ በወሰደው ግንድ ላይ ስለተጣሉ ሁለት ቀበሮዎች የሚያወራ ታሪክ ሰጡ። ከሃያ ስድስት ልጆች ሃያ አንዱ ጭብጡ ለወላጅ መታዘዝ ነው ብለው ጻፉ። በታሪኩ ውስጥ ወላጅ የሚባል የለም። ሰንበት ትምህርት ቤት የሠራ መልስ እዚህም ይሠራል ብለው ነው።

ያን ቀን ቤት ገብተው ለባላቸው፣ "ሩዶልፍ፣ ልጆቹ ታሪኩን አላነበቡም። እኔን ነው ያነበቡት" አሉ።

"ታዲያ ጠመኔውን ከእጅሽ ጣይዋ" አሏቸው።

ጣሉት። ከዚያ በኋላ "ስለ ውሻ ነው" ያለ ልጅ፣ "ስለ ማን እንደሆነማ ሰማሁ፤ ስለ ውሻው ምን ይላል?" ይባላል። አንድ ቃል አይቀበሉም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ የታሪኩ ሰዎች ስም አይገባበትም። ቀጥሎ "ከየት አገኘኸው?" ይመጣል። ጣቱን መስመሩ ላይ ያላሳረፈ ልጅ እንደገና ያነባል። ወላጅ መጥቶ ቢቆጣም ያነባል።

በ1988 አቶ ሃስኬል ዱፕሪ የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጡ። ታማኝነት፣ ድፍረት፣ ጓደኝነት እያለ ስምንት ቃል የተጻፈበት ዝርዝር በየክፍሉ አስሰቀሉ፤ ተማሪ ከዚያ አንዱን እንዲመርጥ። በዚያ ዓመት ፈተና ላይ በቀረበው ታሪክ አንድ ልጅ የአባቱን የዓሣ መረብ ያጠፋል፣ ይዋሻል፣ ኋላ እውነቱን ይናገራል። መልሱ ታማኝነት ተብሎ ነበር። የወይዘሮ ኦዜላ ተማሪዎች የሚፈሩትን ሰው እውነት መንገር ጊዜ ይወስዳል ብለው ጻፉና ዜሮ አገኙ። አቶ ሃስኬል ክፍል ድረስ መጡ። ወይዘሮ ኦዜላ ትዊላ የምትባለውን ልጅ አስነስተው ከየት አገኘሽው አሏት።

"እዚህ ጋ ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ ይላል" አለች። "ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም።"

አቶ ሃስኬል፣ "ይህ ዝርዝሩ ላይ የለም" አሉ።

"ታሪኩ ላይ አለ፤ ዝርዝሩን ሲጽፉ ታሪኩን አንብበውት ነበር?" አሏቸው። ልጆቹ ሳቁ። አቶ ሃስኬል አልሳቁም።

ወይዘሮ ኦዜላ፣ የተማሪዎቼ መልስ ስህተት ነው፣ ወደፊት በዝርዝሩ አስተምራለሁ የሚል ወረቀት ፈርሙ ተባሉ። እምቢ አሉ። ከዚያ ክፍል ሌላ በዚህ ዓለም የሚፈልጉት ሥራ አልነበረም፤ ተወሰደባቸውና መጽሐፍ ማስቀመጫው ክፍል ተመደቡ።

ባላቸው፣ "ኦዜላ፣ አንዲት ፊርማ እኮ ናት። ፈርሚና ተመለሺ" አሏቸው።

"ከፈረምኩ በኋላ ትዊላን ምን ብዬ ነው የማያት?" አሉ።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፈተናው ተለወጠና፣ ጭብጡን ከታሪኩ አስረዱ የሚል መጣ። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ወረቀት ባዶውን ተመለሰ። አቶ ሃስኬል መጽሐፍ ማስቀመጫው በር ላይ ቆመው፣ "ሚስ ትሪግ፣ ክፍልዎ ይጠብቅዎታል" አሉ።

"ዝርዝሩስ?"

"ይነሳል።"

"ማን ያነሳዋል?"

አቶ ሃስኬል ራሳቸው አነሱት። ልጆቹ እያዩ የልጅ ወንበር ላይ ወጥተው አወረዱት። ወይዘሮ ኦዜላ እስከ 2006 ድረስ በዚያ ክፍል አስተማሩ።

አቶ ሩዶልፍ በ2009 ዐረፉ። እሳቸውን ከ2017 ጀምሮ ኩላሊት አመማቸው፤ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄዱ ነበር። ባለፈው ሚያዝያ አቶ ሃስኬል የኮክ ፓይ ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ።

"እኔ አሁንም ታማኝነት ነው እላለሁ፣ ሚስ ትሪግ።"

"ከየት አገኙት?"

"ታሪኩን አሁን አልያዝኩትማ።"

"እንግዲያው ሄደው ያንብቡና ይምጡ።"

ሰኔ 4 ቀን 2019 በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህት፣ እኔንና አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማሯቸውን ትተው አልፈዋል።

አቶ ሃስኬል ሐሙስ ቤት መጥተው የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። "አንብቤዋለሁ፣ ዘገየሁ እንጂ" አሉ። የተጻፈው ለእኔ ስላልሆነ አልከፈትኩትም፤ ሣጥኑ ውስጥ ከእጃቸው ሥር አድርጌላቸዋለሁ።

ጌታ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበልልን፤ ለኛ ለቀረነው ብርታቱን ይስጠን። አሜን።