እህቴ ወድቃ ሞተች ላሉኝ መርማሪ

ለተከበሩ የወንጀል ምርመራ ሹም፣
ጅቡቲ ከተማ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወንበርዎ መሰንበት ያለኝን መልካም ምኞት አቀርባለሁ። ይህ ሙቀት እንዳይጎዳዎ ዘወትር እጸልያለሁ፤ እርስዎ ከታመሙ የእህቴ ዶሴ ባለቤት አልባ ይሆናልና።

እኔ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። እህቴ ትርሲት ሽብሩ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሚገኝ አንድ ቪላ ሁለት ዓመት በቤት ሠራተኝነት አገልግላ፣ ከአምስት ሳምንት በፊት ከፎቁ በረንዳ ሥር ሞታ ተገኘች። ዶሴው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል ሲባል ስለሰማሁ፣ ምስጋናዬን ሳላደርስ እንዳይዘጋ ይህን ጻፍኩ።

፩ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። አስከሬኗ ሆስፒታል ሳይደርስ፣ ወድቃ ነው የሚለው ውጤት ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሌላ መርማሪ እውነት ላይ የሚደርሰው ጠይቆ ጠይቆ ነው ይባላል፤ እርስዎ ግን ከአሠሪዎቿ አንዱንም በጥያቄ ሳያስቸግሩ፣ የበረንዳው ወለል ታጥቦ እስኪደርቅ በትዕግሥት ጠብቀው ደረሱበት።

፪ኛ. ስለ ስልክዎ። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ይደወላል፤ ብድግ ብለው ቆመው ያነጋግራሉ፤ መልሰው ሲቀመጡ ዶሴው ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ መሳቢያ ይገባል። አንድ ቀን ግን በሩን ዘግተው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ እርስዎም ልጆች እንዳሉዎት ነገሩኝ። አምኜዎታለሁ፤ አዝኜልዎታለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ማንን እንደምለምን ጠፋኝ።

፫ኛ. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። አስከሬኗን በቶሎ እንድረከብ ያስፈረሙኝ ወረቀት በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነበር፤ እኔ ደግሞ የማነበው አማርኛና የመንገድ ምልክት ብቻ ነው። ቤተሰቧ የሐኪም ምርመራ አይፈልግም እንደሚል ያወቅሁት ከቀብር በኋላ ነው። እኛም ለክብሯ ብለን፣ በዚያ ሙቀት እንዳትቆይ ተጣድፈን፣ ካርቲየ 4 ሰፈር የሚኖሩ የአገራችን ሴቶች አጥበው ገነዟትና ቀበርናት። ካጠቧት አንዷ፣ እዚያው ምግብ ቤት የሚሠሩት እትዬ የውብዳር፣ አንገቷ ላይ የጣት ሰንበር አይተው ነበር። አስከሬን ያጠበ ሰው ያየውን አያወራም ብለው፣ ለእናታችንም አዝነው፣ እስከ ሠልስቷ ዝም አሉ። ማስረጃውን በገዛ እጃችን አጥበን ቀበርነው።

እናታችን በየቀኑ እየደወለች ልጄ ምን ሆና ሞተች ትለኛለች። አንዳንዴ መንገድ ላይ ነኝ ብዬ ስልኩን እዘጋባታለሁ። እርስዎ ዘንድ መመላለሴ ውሃ ወቀጣ መሆኑን ባልደረቦቼ ነግረውኛል፤ ቢሆንም እለምንዎታለሁ፦ ዶሴውን አይዝጉት፣ ከአፈር የተረፈ ነገር ካለ መቃብሯ ተከፍቶ ሐኪም ይያት።

በአለቆችዎ ዘንድ ያለዎት ሞገስ እንዳይጎድል ከልብ እየተመኘሁ፣ ወረቀት ባቀረቡልኝ ጊዜ ሳልጠይቅ የፈረምኩ ታዛዥዎ፣

ዮሳዲቅ ሽብሩ

ማሳሰቢያ፦ ምስክር ካለህ አምጣ ባሉኝ መሠረት እትዬ የውብዳርን ባለፈው ማክሰኞ ልኬልዎ ነበር። መጀመሪያ የተጠየቁት ያዩትን ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ነው፤ ስላልነበራቸው ቃላቸው ሳይጻፍ በማግሥቱ የጋላፊን ድንበር ተሻገሩ። እርሳቸውን ከአገር ለማስወጣት ምስክር አምጡ ያለ ሰው አልነበረም።