አንድ ለባል፣ ሁለት ለሚስት

ሰኞ

እህት ዓለም፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ተሽሎት፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ የምትወጪ ሆነሽ ያግኝሽ። የልጅሽ ሳል ለቀቀው? ንፋሱ ያነሳው የከብት በረታችሁ ጣሪያስ ተሠራ? እኛ ጋ ስንዴው አንገቱን ደፍቷል፣ ዝናብ ካላበላሸው በሁለት ሳምንት ይታጨዳል። እኔ ከሰውነቴ በኩል ደህና ነኝ። ከሌላው በኩል ግን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ያለው ማድ ቤት ስለሆነ ነው፤ የባሌ ጆሮ ደግሞ ሰሞኑን የድመት ጆሮ ሆኗል።

የባሌን የቨርሊንን አባት አረንጓዴ ፒካፕ ታውቂያታለሽ። ወንበሯ አንድ ረጅም አግዳሚ ነው፤ መንሸራተቻው ዝጎ በአማቴ እግር ልክ እንደቆመ ቀረ። አማቴ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበርና፣ እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር እግሬ አንድም ቀን ፍሪሲዮኑ ላይ በቅጡ ደርሶ አያውቅም። ቀይርልኝ ባልኩት ቁጥር "አባቴ የተቀመጠበት ነው፣ እኔ ስሞት ትቀይሪዋለሽ" ይለኝ ነበር። ትንሿን መኪናዬን አምና ከሸጥናት ወዲህ እሱ ካልወሰደኝ እንኳን ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያንም አልሄድም።

ታዲያ በዚህ ጸደይ ያንን አግዳሚ ራሱ ፈቶ ከመጋዘኑ ጀርባ ጣለው። በምትኩ ከወዳደቁ መኪኖች ግቢ ሁለት የሀብታም መኪና ወንበሮች አመጣ። ቆዳ የለበሱ፣ በኤሌክትሪክ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ወደ ታች የሚሉ። ምን ነካህ ብለው "ወገቤን" አለኝ። ወገቡን አሞት አያውቅም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያች መኪና ውስጥ ተጋድሞ ነው የከረመው። ከባትሪው ወፍራም ቀይ ሽቦ ስቦ፣ መሃል ላይ ፊውዝ አስገብቶ፣ ጥቁሩን ሻሲው ላይ በብሎን አሰረ። የድሮዋ መኪና ሽቦ ቀጭን ስለሆነ እነዚህን ሞተሮች አይችልም፣ ይቃጠላል ብሎ አስረዳኝ። ይህን ያስረዳኝ ሰው ግን መጀመሪያ ሲሞክረው፣ ወደ ፊት የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ። ለካ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች፣ ቀዩንና ቡናማውን፣ አቀያይሯቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት የእህል ጎተራውን ማሽኖች ኤሌክትሪክ የሠራ ሰው እኮ ነው። ከዚያ እኔን ጠርቶ "ቀዩ የቱ ነው?" አለኝ። ትቀልድብኛለህ ስለው "ቀለም መለየትሽን ላረጋግጥ ብዬ ነው" ብሎ ሳቀ። እንዲህ የሚሳሳት ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው ብዬ ወደ ማድ ቤቴ ተመለስኩ።

የት እንዳለም የማውቅ መስሎኛል። ኦፓልን ታስታውሻታለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ከኛ ፊት የምትቀመጠውን መበለት፣ ቁመቷ እንደ ስልክ እንጨት የሆነችውን። በየማክሰኞው በመኪናዋ ወስዳው ወደ ማታ ትመልሰዋለች። ለወንበሮቹ ዕቃ ፍለጋ ነው ይላል። ፒካፗ ገና ሳትፈታም ግን ይሄዱ ነበር። ሲመለስ ደግሞ ጥቁር መነጽር አድርጎ ነው፣ በዚህ ዕድሜው እንደ ጎረምሳ።

ዛሬ ጠዋት የወዳደቁት መኪኖች ግቢ ባለቤት ክሊተስ በር አንኳኳ። ቨርሊን የረሳውን ዕቃ ሊያደርስ ነው፤ ከመኪናው በር ላይ የተነቀለች ሁለት ቁልፍ ያላት ነገር። ምንድን ናት ብለው "ወንበሩ የሰውን ልክ የሚያስታውስባት ናት ወይዘሮ፤ አንድ ለባል፣ ሁለት ለሚስት። ሁሉም ሰው ይጥላታል፣ የእርስዎ ባል ግን ያለሷ ወንበሩን አልፈልግም ብሎ ድርቅ አለብኝ" አለኝ። ስንቴ መጣ ብለው "አንዴ። ከዚያች ረጅም ሴትዮ ጋር፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው። ሙሽሮች ብያቸው ነበር፣ አልሳቁልኝም" አለ። ከዚያ የኔን ፊት አይቶ ባርኔጣውን አነሳና ሄደ። አንዴ ከሆነ የሌሎቹን ማክሰኞዎች ቁጠሪልኝ።

ሌላም አለ። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ እግሬ ስር ተንበርክኮ አገኘሁት። ብሎን ወድቆብኝ ነው አለ። በማግስቱ የመጥረጊያዬ እጀታ ጠፋ። ዛሬ ክሊተስ እንደሄደ ፒካፗ ውስጥ ገብቼ ብፈትሽ ከወንበሩ ስር ተቆርጦ ተቀምጧል፤ በእርሳስ በትልልቁ፣ እንደ ሕፃን በተንጋደደ ፊደል "የእሷ" ተብሎ ተጽፎበታል። የማን? ጠዋት ማታ በስሜ ለሚጠራኝ ሰው እኔ መቼ ነው "እሷ" የሆንኩት? ሁለተኛው ቁልፍ በማን ልክ እንደሚሞላ ገባኝ። ነገ ማክሰኞ ነው፣ ከሷ ጋር ይሄዳል። ያችን የክሊተስን ዕቃ መኪናዋ ላይ ሲገጥማት ጠብቄ ሁለተኛውን ቁልፍ ራሴ እጫነዋለሁ። ወንበሩ ለዚያች ረጅም ሴትዮ ወደ ኋላ ከሸሸ ሻንጣዬን ይዤ አንቺ ጋ ነኝ። አልጋ አዘጋጂልኝ።

ሐሙስ

እህት ዓለም፣ የሰኞውን አልላክሁትም ነበር፤ ከዚሁ ጋር አብሮ ይድረስሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። ዛሬ ረፋድ ላይ ጋደም ሲል መጋዘኑ ሄጄ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ሁለትን ተጫንኩ።

ወንበሩ ወደ ፊት መጣ። ቀስ እያለ፣ እያጉረመረመ፣ ከዚያ ወደ ላይ አነሳኝ። ሲቆም እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ነበር። ረገጥኩት፤ እስከ መጨረሻው ወረደ። በፊት መስታወቱ መንገዱን፣ ከኮፈኑ በላይ ደግሞ የፖስታ ሣጥናችንን አየሁ። የመጥረጊያውን እጀታ አውጥቼ ከዳሌዬ እስከ ተረከዜ ለካሁት። አንድ ጣት እንኳ አልበለጠም፣ አላነሰም።

ሳቅሁ። ያን ሁሉ ኃጢአት የሠራሁት በልቤ ነውና ሳቅሁ። ከዚያ የእሱን ልክ ለማየት ወንበሩን በጎን ቁልፉ እስከ ጥግ ወደ ኋላ ገፋሁትና አንድን ተጫንኩ። ያው ወደ ፊት መጣ፣ ያው ወደ ላይ አነሳኝ፣ ያው እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ደረሰ። ሽቦውን አሳስቶ ይሆናል ብዬ ሦስቴ ሞከርኩ። አልተሳሳተም። ሁለቱም እኔ ነኝ።

ዞር ብዬ የጎኑን ወንበር አየሁት። እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል፣ ለረጅም እግር። ባርኔጣውና ያ ጥቁር መነጽር ላዩ ላይ ተቀምጠዋል።

ቀና ስል የመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል፣ አንድ እጁ ግድግዳው ላይ። የቱ ጋ እንዳለሁ ከወንበሩ ሞተር ድምፅ ለይቷል መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ መኪናዋ አድርጎ "ደረሰልሽ?" አለኝ። ደረሰ አልኩት። "አባቴ ይቀየመኛል" አለ። አይቀየምህም አልኩት። በመኪናዋ አፍንጫ በኩል እየዳሰሰ ዞሮ መጣ፣ እጀታውን በሁለተኛው ሙከራ አገኘው፣ ገባና በሩን ዘጋ። ከዚያ እንደ ድሮው "በይ እንግዲህ አንቺ ሴትዮ፣ አጥሬን እንዳትጥዪብኝ" አለኝ። እኔም አንተ ቀለም የማትለይ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ አልኩት። እጄን ፈልጎ ማርሹ ላይ ያዘኝ።

አልጋውን አታዘጋጂልኝ። ኦፓልን ለእሑድ ምሳ ጠርቻታለሁ፤ የምትወጂውን የኮክ ኬክ እጋግርላታለሁ፣ የሚበዛባት አይደለም። የዓይን ሐኪም ቤቱን መንገድና የምንገባበትን በር እንድታሳየኝም እጠይቃታለሁ፤ ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ የምነዳው እኔ ነኝና።

ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ቤትሽን ከንፋስ ይጠብቅልሽ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ስለ እኛም በጸሎትሽ ጊዜ ጥቂት ቆየት በይ፣ ስለ እሱ ደግሞ ትንሽ ጨምሪ። ይህን ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ ራሴ ነድቼ ነው፤ እሱ አጠገቤ ሆኖ ማርሹን በጆሮው እየሰማ "አሁን ሦስተኛ" ይለኛል።

በእግሯ የደረሰችው ታናሽ እህትሽ