ሣራ ሐኪም ቤት የሰማችው

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የወገብሽ ሕመም ቀለል አለልሽ? እዚያ ወገዳ ዝናቡ እንዴት ነው፤ ገብሱስ? እኛ እዚህ አዲስ አበባ ከነልጆቹ ደኅና ነን፤ ስሙ ይመስገን። በስልክ የማይወራ ነገር ስላለኝ ይህችን ደብዳቤ ነገ ወደዚያ በሚሄደው በአገራችን ልጅ በታፈረ እጅ ልኬልሻለሁ።

ልጅሽ ሣራ ሕንድ ሐኪም ቤት ለልጄ ለጌዲዮኔ መቅኔዋን ከሰጠችው ስምንት ወር ሆነ። ሰው ከሕንድ ስንመለስ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል፤ መከራው ግን ከዚያ ወዲህም አለ። በየሳምንቱ ደሙ ይመረመራል። መድኃኒቱን ሰዓት ሳላዛንፍ አስውጠዋለሁ፤ ውኃውን አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ፤ ግንባሩ ትንሽ ከሞቀ ልቤ ቀጥ ይላል። ክትባቱን እንኳ እንደ አራስ ልጅ እንደገና ጀምሯል። ሰባት ዓመቱ ነውና «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» እያለ ነርሶቹን ያስቃቸዋል።

ማክሰኞ ለቀጠሮ ስንሄድ፣ ሣራም ትታይ ተብሎ ስለነበር አብራን ገባች። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች፤ የጌዲዮን ደም ሙሉ በሙሉ የሣራ ሆኗል፣ ከእንግዲህ በወር አንዴ ይበቃችኋል አለችን። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያኔ አንዲት አዲስ ነርስ ማኅደሩን እያገላበጠች፣ «የአንድ እናትና አባት ልጆች ባይሆኑ እንዲህ ልክክ አይልም ነበር» አለች። ሣራ ሕንድ ሳለን በሰው ቋንቋ ስለነበር ያመለጣትን፣ እዚህ በአማርኛ ሰማችው።

እትዬ፣ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሣራን ሳሳቅፍሽ የገባሁልሽን ቃል እኔ አላጠፍሁም።

ሣራ ቤት ስንገባ እጇን ታጥባ ለጌዲዮን ሾርባውን አሞቀችለት፤ እፍ እያለች አጠጣችው። ከዚያ ወደኔ ዞረችና፣ «አክስቴ፣ እማዬ ይህን ታውቃለች?» አለችኝ። እናትሽ የማታውቀው ነገር የለም አልኋት። «እንግዲያው መስማቴን እንዳትነግሪያት፤ ይከፋታል። እኔ የእሷ ልጅ ነኝ» አለችኝ። እሺ አልኋት። ወጥቼ ደጁ ላይ አለቀስሁ። ቅር ብሎኝ እንዳይመስልሽ፤ ምን ዓይነት ልጅ እንዳሳደግሽ አይቼ ነው።

እሺ ብያት ለምን ነገርሁሽ? ብቻዋን ይዛው እንድትኖር አንጀቴ አልችል ብሎ ነው። መሸሸግ እንዴት እንደሚከብድ አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ አያሌው ከአገር ቤት ሊያየን መጥቷል። ጌዲዮን ሲመለስ ከከብት ጋር እንዳያድር ጥጆቹን ከቤት አስወጥቶ ጋጣ ሠርቶላቸዋል። ቅዳሜ ሣራን ወገዳ ያደርስልሻል። ለእሱ እስካሁን ምንም አላልሁትም፤ ከሁሉ በፊት አንቺ ማወቅ አለብሽ ብዬ ነው። ከመኪና ስትወርድ እንደወትሮው እቀፊያት። ከዚያ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ በራስሽ አፍ ንገሪያት። አትፍሪ እትዬ፤ የምትመጣው ወደ እናቷ ነው።

እመቤቴ ማርያም ጓዳሽን ትሙላው፤ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ታርዝመው። ጌዲዮንም ሰላም ብሎሻል።

ታናሽ እህትሽ፣
የሣራ አክስት